ቮልስ ውስጥ ቤንዚን ሲሸት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የቮልስ ሳልባትዮ (የቤንዚን ታንከሩ) ከፊት ነው፤ ኮፈኑ ስር፣ ከሾፌሩ እግር ፊት ለፊት። ሞተሩ ከኋላ። ይሄን የረሳ መካኒክ ቤንዚን ሸተተ በተባለ ቁጥር ኋላ ሞተሩ ላይ ያለውን ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ይፈታል። እባካችሁ መጀመሪያ ሽታው መቼ እንደሚመጣ ጠይቁ።

ሞልታችሁ አደባባይ ስትዞሩ ይሸታል?

እጄ ላይ የሚደጋገመው ይሄ ነው። ከ1968 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ ቤንዚን የሚቀዳው ከውጭ፣ በቀኝ ጎን ነው። መቅጃውን ከሳልባትዮው ጋር የሚያገናኘው አንድ ወፍራም አጭር ጎማ ነው። አደባባይ ስንዞር መኪናው ወደ ግራ እየታጠፈ ስለሆነ ቤንዚኑ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ በቀጥታ ወደዚያ ጎማ። ስንጥቅ ካለው ሽታው ወዲያው ውስጥ ይገባል። ቤንዚኑ ግማሽ ሲደርስ ይጠፋል። ባለቤቱም "ተወው" ይላል። አልተወውም።

አንድ አባት ካርቡራተር ሁለቴ አስቀይረው መጡ። የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት በዚችው መኪና ነው፤ ልጆቹ ራሳችንን አመመን እያሉ ነበር። ጎማው ከላይ ሲታይ ደህና ነው። ጣቴን ከስሩ ሳሳልፍ ረጠበ። ፈትቼ ስጨምቀው እንደ ድርቆሽ ተፈረካከሰ። ሁለት ካርቡራተር የተከፈለው ለዚህ ጎማ ነው! ያናድዳል።

ስትቀይሩ ቤንዚኑን ከግማሽ በታች አውርዱ። ባትሪውን ከኋላ ወንበር ስር ንቀሉ። ደጅ ሥሩ። በሽቦ የተንጠለጠለ አምፖል አታስጠጉ። ሲጋራ ያለው ሰው ይራቅ። አዲሱ ጎማ ለቤንዚን የተሠራ ይሁን። የውሃ ጎማ ቆርጠው የሚያስገቡ አሉ፤ ቤንዚን ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ያፈሳል። ስንጥቁ ላይ ሲሊኮን መቀባትም ያው ነው። ቤንዚን ሲሊኮንን ይልጠዋል። አትቀቡ።

እዚያው እጃችሁ እያለ ቀጫጭኖቹን የመተንፈሻ ቱቦዎች እዩ። ሳልባትዮ መተንፈስ አለበት። በጠዋት ብርድ 40 ሊትር ሞልታችሁ ፀሐይ ላይ ብታቆሙት፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሲጨምር ቤንዚኑ ግማሽ ሊትር ያህል ያብጣል። አዳማ ሞልቶ አዲስ አበባ የሚወጣ ደግሞ ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰው ትነቱ ይብሳል። ቱቦው ከወለቀ ያ ሁሉ ትነት ኮፈን ስር ይቀራል። ስለዚህ ማደያ ላይ እስከ አፉ አታስሞሉ።

ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ ሞተሩ ይጠፋል፣ የቤንዚን መቅጃው ክዳን ሲከፈት አየር ይስባል?

መተንፈሻው ተደፍኗል። ከድሮዎቹ፣ መቅጃቸው ኮፈን ስር ከሆነው፣ አንዳንዶቹ የሚተነፍሱት በክዳኑ በራሱ ነው። ክዳኑ ላላ ብለው ፌስታል አስረውበት ሽቅብ ላይ የቆሙ ብዙ አይቻለሁ። ፌስታሉን ጣሉ፣ ትክክለኛ ክዳን ግዙ።

ከክሩስኮት (ከመሪው ፊት ካለው ሰሌዳ) ስር ብቻ የሚሸት ከሆነ የነዳጅ መለኪያው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ነው። ቀይሩት።

ከኋላ የሚሸት ከሆነ

አትንዱ። ሞተሩን አጥፉ። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበት የነሐስ ቱቦ አንዳንዴ ላልቶ ይወልቃል፤ ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ይፈሳል። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም አለበት። አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የቤንዚኑን እሳት ሞተሩን ሳይዝ ለማጥፋት የዱቄት ማጥፊያ መኪናው ውስጥ ይኑራችሁ።

ጎማውን ቀይራችሁ በማግስቱም ከሸተተ አትደንግጡ። ምንጣፉ ቤንዚን ጠጥቶ ይቆያል። አውጥታችሁ ሁለት ቀን አስጡት፣ ከዚያ ሞልታችሁ አደባባዩን ሦስት ጊዜ ዙሩ።