ካቶሊኮች ስለ ዝግመተ ለውጥና ስለ ፍጥረት ሲከራከሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በካቶሊክ ምእመናን መካከል ስለ ፍጥረትና ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚከርረው፣ ተከራካሪዎቹ ቤተ ክርስቲያን የደነገገችውን፣ የፈቀደችውንና ክፍት የተወችውን ሳይለዩ ስለሚጀምሩት ነው። ከዚህ የሚመነጩት ስህተቶች ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ የሚታዩ አይደሉም።

የመጀመሪያው ስህተት ታሪኩን ለራስ ወገን እንዲመች አድርጎ መተረክ ነው። አንዳንዶች ሮም ዳርዊንን ገና ከጅምሩ አውግዛለች ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ምንም ተቃውሞ አልነበራትም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1859 የታተመው ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የሚናገረው የዳርዊን መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን እንዳያነቧቸው በከለከለቻቸው መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ከቶ አልገባም። ይሁንና ዝግመተ ለውጥን ከእምነት ጋር ለማስታረቅ የሞከረው የጣሊያናዊው ካህን የራፋኤሎ ካቬርኒ መጽሐፍ በ1878 እዚያው ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል፤ በ1898ም በአሜሪካዊው ካህን በጆን ዛም መጽሐፍ ላይ ውግዘት ቢወሰንም ውሳኔው በይፋ ሳይታተም ቀርቷል። እንግዲህ የዚያ ዘመን ሮም ጥርጣሬዋን ሳትደብቅ፣ የመጨረሻውን ቃል ከመናገር ግን የተቆጠበች ነበረች፤ ይህን የመሰለ ታሪክ ለየትኛውም ወገን መፈክር አይመችም።

ሌላው ስህተት ከሮም የወጣውን ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነው። እግዚአብሔር ሁሉን ከምንም እንደ ፈጠረ በ1870 የቫቲካን 1ኛ ጉባኤ የተባለው የጳጳሳት ጉባኤ የደነገገው ትምህርት፣ አንድ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለሳይንቲስቶች ጉባኤ ካደረጉት ንግግር ጋር እኩል አይመዘንም። ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በጥቅምት 1996 ለጳጳሳዊ የሳይንስ አካዳሚ በላኩት መልእክት ዝግመተ ለውጥ ከመላ ምት በላይ ሆኖ እንደሚታይ ገልጸዋል፤ ይህን መጥቀስ የሚወዱ ሰዎች ግን በዚያው መልእክት ውስጥ የሰው መንፈስ ከቁስ አካል ኃይሎች የፈለቀ ነው የሚሉ ንድፈ ሐሳቦች ስለ ሰው ካለው እውነት ጋር እንደማይስማሙ መነገሩን ይዘልሉታል። ፍራንቸስኮስም በ2014 ለዚሁ አካዳሚ ሲናገሩ ዝግመተ ለውጥ ከፍጥረት ሐሳብ ጋር እንደማይጋጭ የገለጹት፣ የሚለወጡት ነገሮች አስቀድመው መፈጠር አለባቸው ከሚል ምክንያት ጋር ነው። ሁለቱም ንግግሮች የሥነ ሕይወትን ንድፈ ሐሳብ የእምነት አንቀጽ አላደረጉም፤ ማድረግም አይችሉም፤ ምክንያቱም ንድፈ ሐሳብ የሚጸናውም የሚወድቀውም በማስረጃ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በነሐሴ 1950 ያወጡትን ‹ሁማኒ ጄኔሪስ› የተባለ ሐዋርያዊ መልእክት በግማሹ ብቻ ማንበብ ነው። ሰነዱ የሰው ሥጋ ቀድሞ ከነበረ ሕያው ነገር መጥቶ እንደሆነ በሳይንስና በነገረ መለኮት ሊቃውንት መካከል ምርምርና ውይይት እንዲደረግ አልከለከለም፤ ሆኖም ነፍስ በቀጥታ በእግዚአብሔር እንደምትፈጠር መቀበል ግዴታ መሆኑን ተናገረ፤ ጉዳዩ ፈጽሞ የተረጋገጠ ይመስል የሚናገሩትንም ገሠጸ። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ከአዳም በኋላ ከእርሱ ያልተወለዱ እውነተኛ ሰዎች በምድር ላይ ነበሩ፣ ወይም አዳም የሚለው ስም የብዙ የመጀመሪያ ወላጆች መጠሪያ ነው የሚለውን አስተያየት ምእመናን ሊይዙት እንደማይችሉ ይገልጻል፤ ምክንያቱም ይህ አስተያየት ስለ አዳም ኃጢአት ከሚሰጠው ትምህርት ጋር እንዴት ሊስማማ እንደሚችል በምንም መንገድ አይታይም።

እውነተኛው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያሳዝነው ሁለቱም ወገኖች ከዚህ ሸሽተው ዘፍጥረት ስለሚተርካቸው ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት መነታረክ መምረጣቸው ነው። በዛሬው የሰው ልጅ ዘረ መል ውስጥ የሚታየው ልዩነት፣ አብዛኞቹ የመስኩ ባለሙያዎች እንደሚያነቡት፣ መነሻችን ሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ግለሰቦች የነበሩበት ማኅበረሰብ መሆኑን ያመለክታል። ይህን ከ1950ው ትምህርት ጋር ለማገናኘት የተሞከሩ መንገዶች አሉ። አንደኛው እግዚአብሔር ከዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ ለሁለት ብቻ ማሰብና መምረጥ የምትችል ነፍስ ሰጣቸው፣ ዘሮቻቸውም ከቀሩት ጋር ተዋልደው በጊዜ ብዛት በምድር ያለ ሰው ሁሉ የእነርሱ ተወላጅ ሆነ ይላል። ሌላው መንገድ የ1950ው አነጋገር በሩን ፈጽሞ አልዘጋም ብሎ አዳምን እንደ መጀመሪያው ማኅበረሰብ ወኪል አድርጎ ያነባል። የመጀመሪያው የሰነዱን ቃል በሚገባ ይጠብቃል፤ ሆኖም ነፍስ ያላቸውና የሌላቸው ፍጡራን ተዋልደዋል የሚለው ሐሳብ ለብዙዎች ይከብዳል። በእኔ ግምት ሁለተኛው ብዙ የማስረዳት ሥራ ይቀረዋል፤ የቤተ ክርስቲያኒቱን ትምህርት ጠቅልሎ የያዘው ትምህርተ ክርስቶስ የተባለው መጽሐፍ የዘፍጥረት ምዕራፍ 3 አተራረክ ምሳሌያዊ ቋንቋ እንደሚጠቀም ቢቀበልም፣ በሰው ታሪክ መጀመሪያ ላይ በእርግጥ የተፈጸመ ነገር እንዳለ አጥብቆ ይናገራልና። ይህን ችግር ሳይነኩ ‹ካቶሊኮች በዝግመተ ለውጥ ጉዳይ ምንም ጣጣ የለባቸውም› ማለት ነገሩን አለማወቅ ነው።

ስለ ስድስቱ ቀናት ከተነሣ ግን፣ እያንዳንዱ ቀን የሃያ አራት ሰዓት እንደ ነበር የጥንት አባቶች ሁሉ በአንድ ቃል አስተምረዋል ማለት ስህተት ነው። ቅዱስ አውጎስጢኖስ እግዚአብሔር ሁሉን በአንድ ጊዜ እንደ ፈጠረ፣ ቀናቱም እንደ እኛ ቀናት እንዳልሆኑ ገምቷል። በሌላ በኩል ቅዱስ ባስልዮስ ቀናቱን እንደ ተራ ቀን ማንበቡ መረሳት የለበትም። በ1909 ጳጳሳዊው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሚሽን ‹ቀን› የሚለው ቃል ያልተወሰነ ዘመንን ሊያመለክት እንደሚችል በነፃነት እንዲመረመር ፈቀደ። አውጎስጢኖስን ግን የዳርዊን ቀዳሚ ማድረግ ሌላ ማጋነን ነው፤ እርሱ አንዱ ዝርያ ወደ ሌላው ይለወጣል አላለም።

እግዚአብሔርንና ተፈጥሮን ሥራ እንደሚሻሙ ሁለት ሠራተኞች መቁጠርም በሁለቱም ወገን የሚገኝ ስህተት ነው። አንዱ ሳይንስ ያላብራራውን ክፍተት ፈልጎ እግዚአብሔርን እዚያ ያስቀምጠዋል፤ ሌላው ክፍተቱ ሲሞላ እግዚአብሔር የተባረረ ይመስለዋል። በቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ትምህርት ግን እግዚአብሔር የመጀመሪያ ምክንያት ሆኖ ለፍጡራን ህልውናን ይሰጣል፤ ፍጡራንም በእውነት ምክንያቶች ሆነው ይሠራሉ፤ ስለዚህ የአንዱ ሥራ የሌላውን አይቀንስም። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ እንደሚሄድ በ1927 ያሳየው ቤልጄማዊው ካህን ጆርጅ ለሜትር ይህን በሚገባ የተረዳ ሰው ነበር፤ ፒዮስ 12ኛ በ1951 ጽንፈ ዓለም መጀመሪያ እንዳለው የሚናገረውን የእርሱን ዓይነት ንድፈ ሐሳብ ለፍጥረት ማረጋገጫ አድርገው ሲያቀርቡ ያልተደሰተውም ለዚህ ነው።

የሳይንሱን ግኝት በላዩ ከሚደረብበት ፍልስፍና አለመለየትም ክርክሩን ያደናግራል። በሐምሌ 2005 ካርዲናል ክሪስቶፍ ሾንቦርን በአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ላይ ዕቅድና ዓላማ የሌለውን ዝግመተ ለውጥ ሲቃወሙ፣ የቫቲካን የሥነ ፈለክ ጣቢያ ኃላፊ የነበሩት ኢየሱሳዊው (የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆኑት) አባ ጆርጅ ኮይን በአደባባይ መልስ ሰጡ። ሁለቱም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በክብር ቆይተዋል። በሥነ ሕይወት ‹ዘፈቀደ› ማለት ለውጡ የሚከሰተው የፍጡሩን ጥቅም ተከትሎ አይደለም ማለት ሲሆን፣ ‹ዓለም ትርጉም የለሽ ነው› ማለት ግን የማይክሮስኮፕ ውጤት አይደለም።

ዝግመተ ለውጥን ከእምነት ጋር አዋሕዶ የጻፈውን ኢየሱሳዊ ካህንና ሳይንቲስት ፒየር ቴያር ደ ሻርደንንም ሁለቱም ወገኖች እንደ ሰንደቅ ያነሡታል። በ1962 ከሮም በጽሑፎቹ ላይ የወጣው ማሳሰቢያ የተመለከተው በፍልስፍናና በነገረ መለኮት በኩል ያሉባቸውን አሻሚነትና ስህተት ነው፤ የሳይንሱን ጉዳይ ፍርድ ሳይሰጥበት እንደሚያልፈው ራሱ ገልጿል። ስለዚህ ማሳሰቢያውን የዝግመተ ለውጥ ክልከላ አድርጎ መጥቀስ አይቻልም፤ ፍራንቸስኮስ በ2015 ሐዋርያዊ መልእክታቸው የግርጌ ማስታወሻ ላይ ስሙን ማንሣታቸውንም ማሳሰቢያው ተሽሯል ብሎ መተርጎም አይቻልም።