ግፊት ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

«ራሴን ሲያመኝ የግፊቴን ክኒን አንድ ፍሬ ጣል አደርጋለሁ።» ባሕር ዳር ውስጥ ፋርማሲ በር ላይ ትንሽ የቆመ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። ደም ግፊት ግን ብዙውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ነው የሚጎዳው። ራስ ምታት ደግሞ ከፀሐይም፣ ከእንቅልፍ ማጣትም፣ ቡና ከመቅረቱም ይመጣል። ስለዚህ የምናምነው የግፊት መለኪያው የሚያሳየውን ቁጥር ነው።

ቁጥሩ አንዴ 160፣ አንዴ 130 ይላል

መሣሪያውን ከመርገማችሁ በፊት አለካካችሁን እዩ። ከገበያ ዘንቢል አንጠልጥሎ መጥቶ፣ ላቡ ሳይደርቅ ክንዱን የሚዘረጋ ሰው ቁጥሩ ቢንር አይገርምም። በሹራብ ላይ መለካት፣ ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ማሰሪያ ማድረግ፣ ሽንት ይዞ መቀመጥ፣ እየተለኩ ማውራት፣ ሁሉም ከፍ ያደርጉታል።

መፍትሄው፦ ቡና ከጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ሽንት ቤት ግቡ። ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትይዩ ይሁን። ለኩ፣ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙ፣ ሁለቱንም ጻፉ። በተለያዩ ቀናት የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ በሉ።

መድኃኒት እየወሰድኩ አልወርድ አለኝ

መጀመሪያ የሚጠየቀው «በየቀኑ ትወስዳላችሁ ወይ?» ነው። ደህና ሲሆኑ መዝለል ዋናው ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ጨው። ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይመከራል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። «እኔ እኮ ጨው አልወድም» የምትል እናት ቤት ግቡ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም እንደዚያው። ወጡ ሊወጣ ሲል ደግሞ ሌላ ቆንጠር ይደረግበታል። የጣና ቆሮሶ ዓሣ ራሱ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ጨው ጠግቦ ተጠብሶ፣ ጨው ባለበት ሚጥሚጣ ሲበላ ነው ነገሩ። መፍትሄው ከወፍጮ ቤት በፊት ይጀምራል፦ በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው አስፈጩ። ዓሣው ላይ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ይብዛ። ነጭ ሽንኩርት መድኃኒቱን ይተካል የሚለውን ግን እርሱት።

ለወገብና ለጉልበት የሚዋጠው ዳይክሎፌናክም ግፊት ይጨምራል። ጫትም እንዲሁ። ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት፣ አይፈርድባችሁም።

እግሬ አበጠ፣ ደረቅ ሳል ያዘኝ

እብጠቱ አምሎዲፒን፣ ሳሉ ደግሞ ኢናላፕሪል ከሚባለው የግፊት መድኃኒት ሊመጣ ይችላል። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪሙ ይቀይርላችኋል። ኢናላፕሪል የምትወስድ ሴት ካረገዘች ወይም ለማርገዝ ካሰበች ቶሎ ሐኪም ታማክር።

ብድግ ስል ያዞረኛል

እዚህ ደግሞ ግፊቱ ወርዶ ይሆናል። ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳርን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ዐቢይ ጾምም ብዙ ጊዜ እዚያው ሙቀት ውስጥ ይገባል። ላብ፣ ተቅማጥ፣ ውኃ አለመጠጣትና የሚያሸና ክኒን ሲደራረቡ ሰውነት ይደርቃል። ተቀምጣችሁ ለኩ፣ ከዚያ ቆማችሁ በ3 ደቂቃ ውስጥ ድገሙ። የላይኛው በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪም ንገሩ። እስከዚያው ውኃ ጠጡ፣ ከአልጋ ስትነሱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቁጭ በሉ። የምትጾሙ ከሆነ የመድኃኒቱን ሰዓት ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት።

180/120 አለፈ

ምንም ስሜት ከሌለ አረፍ ብላችሁ ድገሙ። ካልወረደ በዚያው ቀን ታዩ። ደረት ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ አንድ ጎን ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ግን ድጋሚ ልለካ አትበሉ። ባጃጅም ቢሆን ይዛችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ የቀረባችሁ ሆስፒታል ድረሱ። የጎረቤት ክኒን እንዳትውጡ። የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ያዙ፣ ምልክቱ የጀመረበትንም ሰዓት ንገሯቸው፤ ሕክምናው የሚወሰነው በሱ ሊሆን ይችላል።