ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፣ ገጽ ግን አይከፈትም

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ሞጣም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ይህ ችግር በየቢሮውና በየኢንተርኔት ቤቱ ያጋጥማል። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን ፎርማት ለማስደረግ ይሮጣል። እባክዎ አይቸኩሉ፤ ፎርማት ሰነድ ሊያስጠፋ ይችላል፣ ችግሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቅንብር አያልፍም።

ከሁሉ በፊት ከታች በስተቀኝ ያለውን ቀን ይመልከቱ። ድረ ገጾች እንደ መታወቂያ የሚያገለግል ሰርተፍኬት አላቸው፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። የኮምፒውተሩ ቀን ከዚያ ውጭ ከሆነ ክሮም «ዩር ክሎክ ኢዝ ቢሃይንድ» ወይም «ዩር ኮኔክሽን ኢዝ ኖት ፕራይቬት» ብሎ ይዘጋል። እኛ አገር ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላት። 2018 ብለው ከሞሉት ኮምፒውተሩ የፈረንጆቹን 2018 ነው የሚረዳው፤ መስከረም 1 ቀን 2018 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 8 ሰዓት ነው። የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ የሚለው ላይ ያድርጉት።

ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን መጀመሪያ በእጅዎ ያስተካክሉ፣ ከዚያ በዚያው በቀንና ሰዓት ቅንብር ውስጥ «ሲንክ ናው» የሚለውን ይጫኑ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት በላይ ከሆነ ዊንዶውስ እንደ ተለመደው ቅንብሩ ራሱ አያርመውም።

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ አሮጌ ቀን የሚመለስ ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ሲአር 2032 ይባላል፣ 3 ቮልት ነው። ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን አንዴ ተጭነው ቀሪውን ኃይል ያስወጡ፣ ክዳኑን ይክፈቱ። የባትሪዋን ጎን የያዘችውን ትንሽ ብረት በጥፍር ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጉ ባትሪዋ ብድግ ትላለች። አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ያስገቡ። ቮልት መለኪያ ካለዎት አሮጌዋን ይለኩ፤ ከ2.5 በታች ካሳየ ባትሪዋ ናት።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ገጹ እምቢ ካለስ? የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብረው ይጫኑ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብለው ኢንተር ይጫኑ። በጥቁሩ መስኮት ፒንግ፣ ክፍት ቦታ፣ 8.8.8.8 (የጉግል ሰርቨር ቁጥር) ይጻፉ። «ሪፕላይ ፍሮም 8.8.8.8» ከመጣ መስመሩ ደህና ነው። ቀጥሎ በቁጥሩ ፈንታ የአንድ ድረ ገጽ ስም ይጻፉ። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልተገኘ የተበላሸው ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው። ቴሌግራም እየሠራ ብሮውዘሩ የሚቆመውም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው፤ ቴሌግራም የሚገናኝባቸውን አድራሻዎች በውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው።

ዲኤንኤሱን ለመቀየር ወደ ኔትወርክ ኮኔክሽንስ ይግቡ፤ ዋይፋዩን በቀኝ ክሊክ ተጭነው ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4፣ እንደገና ፕሮፐርቲስ። ከታች ባሉት ሁለት ሳጥኖች 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ይሙሉ። የላይኞቹን አይንኩ፤ ኦቶማቲክ እንደሆኑ ይቆዩ። በመጨረሻ ሪስታርት ያድርጉ። ሻት ዳውን በቂ ላይሆን ይችላል፣ አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ለፍጥነት ሲሉ ሙሉ በሙሉ አይዘጉምና።

ቁጥሩም ስሙም መልሰው ብሮውዘሩ ብቻ ካልሠራ ፕሮክሲን፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፈውን ቅንብር፣ ይጠርጥሩ። በፍላሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ወይም የጠፋ ቪፒኤን ይህን ቅንብር ትቶ ይሄዳል። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ፕሮክሲ ገብተው «ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር» የሚለውን ያጥፉ። በማግስቱ ራሱን መልሶ ካበራ ቫይረሱ ገና አለ ማለት ነው፤ ያኔ ስካን ያስፈልጋል።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያሉ የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ቀናቸው ትክክል ሆኖም የሰርተፍኬት ስህተት ሊያሳዩ ይችላሉ። ፋየርፎክስን ይሞክሩ፤ የራሱን የሰርተፍኬት ዝርዝር ይዞ ነው የሚመጣው።

8.8.8.8 ራሱ ካልመለሰ ነገሩ ከኮምፒውተሩ ውጭ ሊሆን ይችላል። በሲም የሚሠራ ዋይፋይ ከሆነ ጥቅሉ አልቆ ይሆናል፤ ሞደሙ ጥቅል ባይኖርም «ተገናኝቷል» ማለቱን አይተውም። ሲሙ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ስልክ ላይ አስገብተው በ*804# ሂሳቡን ይዩ። የኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ) በ169.254 ከጀመረ ግን ከሞደሙ አድራሻ አልተሰጠውም፤ ሞደሙን ነቅለው 30 ሰከንድ ያቆዩት፣ ሰክተው 2 ደቂቃ ይጠብቁ። ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ቋሚ አድራሻ ተሞልቶላቸው ከሆነም ይጋጫሉ፤ አንዱን ይቀይሩ።

በሐምሌና ነሐሴ መብረቅ የሞደምን የኬብል ቀዳዳ ያቃጥላል። ኬብሉ ተሰክቶ መብራቷ ካልበራች ወደ ቀጣዩ ቀዳዳ ያዛውሩት፤ አንዱ ሞቶ ሌሎቹ ሊተርፉ ይችላሉ። ነጎድጓዱ ሲቃረብ የኃይል ገመዱን ብቻ ሳይሆን የስልክ መስመሩንም ከሞደሙ ይንቀሉ።