ከርነል ውስጥ ሜሞሪ ስንጠይቅ የምንሳሳትባቸው ፍተሻዎች

የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት በሆነው ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ሜሞሪ የሚሰጠው ፈንክሽን ኬማሎክ (kmalloc) ሜሞሪ ካጣ ናል (NULL)፣ ማለትም ባዶ አድራሻ፣ ይመልሳል። «ናል ከሆነ ተመለስ» የምትለውን መስመር መጻፍ ቀላል ነው። ችግሩ ያለው የት ቦታ እንደምትገባና ከእሷ ቀጥሎ በሚሆነው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከተጠቀሙ በኋላ መፈተሽ ነው። በ2009 ተን (tun) በሚባለው የኔትወርክ ድራይቨር ላይ የተገኘው ቀዳዳ ከዚህ የመጣ ነው። ኮዱ መጀመሪያ በፖይንተሩ (የሜሞሪ አድራሻ በያዘው ተለዋዋጭ) ገብቶ ያነባል፤ ወረድ ብሎ ደግሞ ናል መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ጂሲሲ (GCC) «ከተነበበማ ናል ሊሆን አይችልም» ብሎ ፍተሻውን አወጣው። ሶርስ ኮዱን ለሚያነብ ሰው ፍተሻው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ማሽኑ ላይ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ ኮምፓይለሩን ከዚህ በሚከለክል አማራጭ ይገነባል፤ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ግን አሁንም የጸሐፊው ኃላፊነት ነው።

ከሁሉም የምፈራው የቁጥሩንና የመጠኑን ብዜት ሳይፈትሹ የኬማሎክን መልስ ብቻ መፈተሽ ነው። ባለ 32 ቢት ማሽን ላይ ከተጠቃሚ የመጣው ቁጥር 536870913 ነው፣ የአንዱ መጠን 8 ባይት ነው እንበል። ብዜቱ 4294967304 ነው፤ 32 ቢት ስለማይበቃው ሞልቶ ይፈስና 8 ብቻ ይቀራል። ኬማሎክ 8 ባይት ይሰጣል፣ ናል የለም፣ ፍተሻው ያልፋል። ቀጥሎ ያለው ሉፕ የሌላውን ሜሞሪ እየረገጠ ይሄዳል። በእጅ ማባዛቱን ትታችሁ ኬማሎክ አሬይን (kmalloc_array) ተጠቀሙ፤ ቁጥሩንና መጠኑን ለየብቻ ተቀብሎ ብዜቱ ከሞላ ናል ይመልሳል።

ዜሮ ባይት ከጠየቃችሁ ደግሞ የሚመጣው ናል ሳይሆን 16 የሆነ ልዩ አድራሻ ነው። ናልን ብቻ የሚያይ ፍተሻ ያሳልፈዋል፤ ስለዚህ መጠኑን ቀድማችሁ እዩ።

የተወሰደን ሜሞሪ መጠን የሚቀይረውን የኬሪአሎክን (krealloc) መልስ በአሮጌው ፖይንተር ላይ አትጻፉ። ካልተሳካ አሮጌው ሜሞሪ እንደተያዘ ይቀራል፣ አድራሻው ግን ጠፍቷል። ሲለቀቅ ናል መፈተሽ አያስፈልግም፣ ሜሞሪ የሚለቀው ኬፍሪ (kfree) ናልን ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ሜሞሪ አለቀ ብሎ በባግ ኦን (BUG_ON) ማሽኑን መጣልም መፍትሔ አይደለም። እስካሁን የወሰዳችሁትን ከኋላ ወደ ፊት ለቅቃችሁ «ሜሞሪ የለም» የሚለውን የስህተት ኮድ ኢኖሜም (ENOMEM) መልሱ።

የመጨረሻው፣ ሮጦ የማያውቅ ፍተሻን ማመን ነው። መተኛት (ሜሞሪ እስኪገኝ መጠበቅ) በሚፈቀድበት ቦታ ትንንሽ ጥያቄዎች እምብዛም ስለማይከሽፉ የስህተቱ መንገድ ለዓመታት ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። ፌይልስላብ (failslab) የሚባለው የከርነሉ መሞከሪያ ጥያቄዎችን ሆን ብሎ ያከሽፋል። አንድ ድራይቨር ላይ ሳበራው ሦስተኛው ጥያቄ ከሸፈ፣ የማጽጃው ኮድም አንዱን ባፈር ሁለት ጊዜ ለቀቀው። የጎቱው (goto) መለያ፣ ማለትም ስህተት ሲመጣ ኮዱ የሚዘልበት ቦታ፣ አንድ መስመር ከፍ ብሎ ተቀምጦ ነበር።