ርቀትና እንቅስቃሴን እንዴት እንደምናይ በቤታችሁ ለመፈተን

ጓደኛችሁን ሁለት እስክሪብቶ አሳይታችሁ «አንዱ ወደኋላ ሸሽቷል አይደል?» ብትሉት፣ የሚመልስላችሁ ፊታችሁን አይቶ ነው። ይሉኝታ አለ። ምን መስማት እንደምትፈልጉ ይገምትና «አዎ አዎ፣ ይታየኛል» ይላል፤ እናንተም ደስ ብሏችሁ ትመዘግባላችሁ፤ ሙከራው ግን እዚያው ላይ ተበላሽቷል። እይታን የሚያጠኑ የሥነ ልቦና ሰዎች ዋና ሥራቸው ለይሉኝታ ቀዳዳ የማይተው ጥያቄ ማዘጋጀት ነው። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፌክነር በ1860 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የመለኪያ ዘዴዎቹን በመጽሐፍ ካወጣ ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። ጅማ ውስጥ አንድ በረንዳ፣ ማስመሪያና ትዕግሥት ያለው ጓደኛ ካላችሁ ይበቃል።

በርቀት እንጀምር። አሜሪካዊው ሐኪም ሃርቪ ሃዋርድ በ1919 አብራሪዎችን ለመፈተን ሁለት ቋሚ ዘንጎችን በ6 ሜትር ርቀት አቁሞ ነበር። እናንተ ሁለት አንድ ዓይነት እስክሪብቶዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቁሙ። ከፊታቸው ካርቶን አድርጉና መሃሉን እንደ መስኮት ቁረጡት፤ በመስኮቱ መታየት ያለበት የእስክሪብቶዎቹ ወገብ ብቻ ነው። እግራቸውና ጠረጴዛው ከታየ ሰውየው በዓይኑ ሳይሆን በብልጠቱ ይመልሳል። ከካርቶኑ ጀርባ የተደበቀ ረዳት አንዱን እስክሪብቶ ቀስ እያለ ያንቀሳቅስ፤ ተፈታኙ እኩል ሆኑ ሲል «በቃ!» ይበል። ስንት ሚሊሜትር እንደሳተ ለኩና ጻፉ። ግማሹን ጊዜ ከፊት፣ ግማሹን ከኋላ ጀምሩ፤ አለበለዚያ ሰው ለምዶት ዝም ብሎ ይቆያል ወይም ይቸኩላል።

ይህን በሁለት ዓይን አሥር ጊዜ፣ አንድ ዓይን ሸፍኖ ደግሞ አሥር ጊዜ ድገሙት። ባንድ ዓይን ሲሆን ስህተቱ ወዲያና ወዲህ ሲበታተን ታያላችሁ። ሁለቱ ዓይኖቻችን በ6 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚራራቁ እያንዳንዳቸው ትንሽ የተለያየ ምስል ያያሉ፤ አንጎል ከዚያች ልዩነት ርቀትን ያወጣል። ይህን በ1838 በመስታወት ያሳየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን ነው። በ1960 ደግሞ ተመራማሪው ቤላ ዩሌዝ ምንም ቅርጽ የሌላቸው የነጠብጣብ ሥዕሎች ሠርቶ፣ አንጎል የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅም ጥልቀቱን ማውጣት እንደሚችል አረጋገጠ።

አገጭ የሚያርፍበት መጽሐፍ መደርደር እንዳትረሱ። ጭንቅላት ከተወዛወዘ አለቀ፤ ቅርቡ ነገር ከሩቁ ይልቅ ብዙ የሚንቀሳቀስ ስለሚመስል ባንድ ዓይንም ቢሆን ርቀቱ ይታወቃል። ወደ አጋሮ ስትሄዱ በመኪናው መስኮት ዳር ዳሩ ያለው ባሕር ዛፍ ሽው ሲል፣ የሩቁ ተራራ አብሯችሁ የሚጓዝ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠንከር ለማድረግ ሳንቲም ወርውሩ። አንበሳ ከሆነ እስክሪብቶው ወደፊት፣ ካልሆነ ወደኋላ። መልሱ «ፊት» ወይም «ኋላ» ብቻ ነው፤ «አላወቅኩም» የለም። «እየገመትኩ ነው እኮ!» ብሎ ይነጫነጫል፣ ይገምት። እንዲሁ ቢገምት ግማሹን ያገኛል፤ ከመቶ 75 ጊዜ ትክክል የሚሆንበት ርቀት እንደ ዓይኑ ችሎታ ዳር ድንበር ይቆጠራል። በሁለት ዓይንም በአንድም ውጤቱ አንድ የሆነበት ሰው ካገኛችሁ አትሳቁበት። ምናልባት ሁለቱን ዓይኖች አስተባብሮ አይጠቀም ይሆናል፤ ዓይን ሐኪም ጋ ቢታይ ጥሩ ነው።

አሁን የኔ ተወዳጅ። አንድ ሜትር ያህል ክር ላይ ቁልፍ አንጠልጥሉና ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብሎ እንዲወዛወዝ አድርጉ። ሦስት ሜትር ራቁ። ሁለቱንም ዓይን ከፍታችሁ፣ የጥቁር መነጽር አንዱን መስታወት በቀኝ ዓይን ፊት ብቻ ያዙ። ቁልፉ መዞር ይጀምራል! ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደናንተ ይጠጋል፣ ወደ ግራ ሲመለስ ይርቃል። መነጽሩን ወደ ግራ ዓይን ብታዞሩት ዙሩም ይገለበጣል። የደበዘዘው ምስል አንጎል ጋ በጥቂት ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ቀኝ ዓይን ቁልፉን ትንሽ ቀደም ብሎ በነበረበት ቦታ ያየዋል፤ አንጎልም ያንን የጊዜ ልዩነት እንደ ርቀት ይቆጥረዋል። በ1922 ጉዳዩን ያብራራው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ፑልፍሪክ ባንድ ዓይኑ ስለማያይ እሱ ራሱ አይቶት አያውቅም።

ለመለካት ከቁልፉ ሥር እስክሪብቶ አቁሙና፣ ተፈታኙ «አሁን ልክ በላዩ አለፈ» እስኪል ድረስ ወደፊትና ወደኋላ አድርጉት። መነጽር ደርቡ፣ ዙሩ ይሰፋል። ግን ብርሃኑ ከተቀየረ ቁጥሩም ይቀየራል፤ የጅማ ደመና ደግሞ መጣሁ ሄድኩ ይላል፣ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ መቀመጫ ጨርሱ።

እንቅስቃሴን ማየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በ1983 የተዘገበች አንዲት ታካሚ አንጎሏ ከተጎዳ በኋላ ቀለምና ቅርጽ እያየች እንቅስቃሴን ማየት ተስኗት ነበር፤ የምትቀዳው ቡና በአየር ላይ የረጋ በረዶ ስለሚመስላት ስኒው መቼ እንደሚሞላ አታውቅም። ቡና በሚፈላበት ከተማ ሆናችሁ አስቡት።

ለዚህኛው የጅማው አዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ሂዱ፣ ክረምት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ከኋላችሁ ባጃጅ እንዳይገጫችሁ ዳር ያዙ። ውሃው መሃል ያለ አንድ ድንጋይ ላይ ለአንድ ደቂቃ አፍጥጡ፣ ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ዳሩ ሣር መልሱ። ሣሩ ወደ ላይኛው የወንዙ አቅጣጫ ይፈሳል። ሮበርት አዳምስ በ1834 ስኮትላንድ ፏፏቴ ላይ የጻፈው ይህንኑ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድን ነገር የሚከታተሉ የአንጎል ሴሎች ሲዳከሙ ተቃራኒዎቹ ያይላሉ። እስኪቆም በስልክ ሰዓት ያዙ። ጥቂት አርፋችሁ ደግሞ ውሃውን በቀኝ ዓይን ብቻ እዩና ሣሩን በግራው ብቻ። አሁንም ይፈሳል፣ ቀነስ ብሎ። ውሃውን ጨርሶ ያላየው ዓይን ይህን ካየ፣ ቢያንስ የድካሙ ከፊል ያለው የሁለቱ ዓይኖች መረጃ ከተገናኘ በኋላ ባለው የአንጎል ክፍል ነው ማለት ነው።