ታንኳና ካያክ በቡድን፦ ቢሾፍቱ ላይ የሚያጋጥም ችግርና መፍትሄው

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ መቅዘፊያ ውሃ ሲፈለግ ለገዳዲ፣ ገፈርሳና ድሬ አይታሰቡም፤ ከተማው የሚጠጣው ከእነሱ ነው። አባ ሳሙኤል ደግሞ የአቃቂን ቆሻሻ የሚቀበልና እምቦጭ ያስቸገረው ነው፤ እዚያ የተገለበጠ ሰው ያንን ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳና ካያክ (ጠባብና ቀላል ጀልባ) የሚቀዝፍ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ቢሾፍቱ ይገባል። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው። የባቦጋያ ጥልቀት ከ60፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ከዳር ጥቂት ፈቀቅ ካሉ እግር መሬት አይነካም። ዝግጅቱ ሁሉ ይህን ታሳቢ ያድርግ።

ላይፍ ጃኬቱ ሽቅብ እየወጣ አፍ ይሸፍናል

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ አስተሳሰሩ ላይ ነው፤ የላይኛው ማሰሪያ ቀድሞ ከጠበቀ ጃኬቱ ደረት ላይ ይንጠለጠላል። ሁሉንም አላሉ፣ ከወገብ ጀምራችሁ ወደ ላይ አጥብቁ፣ የትከሻው መጨረሻ ይሁን። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ በሁለቱ ትከሻ ይዞ ሽቅብ ይሳበው። አገጭ ወይም ጆሮ ድረስ ከመጣ እንደገና ይጥበቅ፤ አሁንም ከወጣ ሰፍቷልና ይቀየር። ለልጅ «ያድግበታል» ተብሎ ሰፊ አይሰጥም።

የሚነፋው ካያክ ሐይቁ ላይ ለሰለሰ

ቀዳዳ ፍለጋ አትቸኩሉ። አዲስ አበባ ተነፍቶ መኪና ጣሪያ ላይ የታሰረ ካያክ 450 ሜትር ያህል ወደ ታች ሲወርድ የውጭው አየር ግፊት 5 በመቶ ገደማ ይጨምርበታል። ቀዝቃዛው ውሃ ደግሞ የውስጡን አየር ያኮማትረዋል። ዳር ላይ ንፉት፣ 10 ደቂቃ ውሃ ላይ አቆዩት፣ ከዚያ ካያኩ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ሙሉት። ተመልሶ ከለሰለሰ ያኔ የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋ የሚደፍቀው ቦታ ነው የሚያስተነፍሰው፤ ቫልቩንም አትርሱ። ለምሳ ስትወጡ ነገሩ ይገለበጣል፦ ፀሐይ ላይ የተተወ ካያክ አብጦ መጋጠሚያው ይለቃል። ጥላ ፈልጉለት፣ ወይም ትንሽ አስተንፍሱት።

የካያኩ አፍንጫ ወደ ነፋሱ ይዞራል

ቀዛፊውን አትውቀሱ። ካያክ ወደፊት ሲሄድ ፊቱ ውሃውን ነክሶ ይይዛል፣ ኋላው ግን ልል ስለሆነ ነፋስ ይገፋዋል። ከባድ ዕቃ ወደ ኋላ ይሂድ፤ ነፋሱ በሚመጣበት ጎንም ሰፋ ያለ ቅስት እየሠራችሁ ቅዘፉ። አፍንጫው ከነፋሱ የሚሸሽ ከሆነ ዕቃው ወደ ፊት ይምጣ። ዋናው መፍትሄ ግን ሰዓት ነው፦ ነፋሱ ሳይበረታ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገብቶ ከ5 ሰዓት በፊት መውጣት። የጉድጓዱ ግድግዳ ዳሩን ስለሚከልለው የነፋሱ ጉልበት የሚታወቀው መሃል ከተደረሰ በኋላ ነው።

ቡድኑ ተበታተነ

ፍጥነቱን ጎበዞቹ ስለወሰኑት ነው። ፊት ማንም የማይቀድመው፣ ኋላ ማንም የማይቀርበት አንድ አንድ ሰው መድቡ፤ መሪው ዘገምተኛውን እያየ ይቅዘፍ። ርቀቱ ድምፅ ከሚሰማበት አይለፍ። አንድ ፊሽካ «ወደ እኔ ተመልከቱ»፣ ሦስት ፊሽካ «ድረሱልኝ» ይሁን። ፊሽካው ጃኬቱ ላይ ይታሰር፣ ቦርሳ ውስጥ ያለ ፊሽካ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሰው ተገለበጠ፣ ካያኩ ውሃ ሞላ

መጀመሪያ ጀልባውን አለመልቀቅ፤ ዳሩ ቅርብ ቢመስልም ጥሎ መዋኘት የለም። አንድ አዳኝ ብቻ ይቅረብ፣ ሌሎቹ የወደቀውን መቅዘፊያ ይልቀሙና ራቅ ብለው ይጠብቁ። አዳኙ ራሱን አግድም አድርጎ የተገለበጠውን ካያክ አፍንጫ ይይዛል፤ ዋናተኛው ኋላውን ወደ ታች ሲጫን አፍንጫው ይነሳና አዳኙ በራሱ ካያክ ላይ ይስበዋል። እንደተደፋ ውሃው ወርዶ እስኪያልቅ ይጠብቁት፣ ከዚያ ያቃኑት፣ ያንሸራቱት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አፍንጫና ጅራት አድርገው ያግጥሙ። አዳኙ በደረቱ ተደፍቶ የባዶውን መቀመጫ ጠርዝ አጥብቆ ይያዝ። ዋናተኛው እግሩን እያንፈራገጠ በሆዱ ይወጣል፣ ዞሮ ይቀመጣል። ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ካያክ ከሆነ ማፍሰስ አያስፈልግም፤ አቃንቶ መውጣት ብቻ ነው።

አፍንጫው አልነሳ ካለ ምክንያቱ ሆዱ ውስጥ መከፋፈያ ግድግዳ አለመኖሩ ነው፤ ሙሉው ውሃ ሆኗል። ከጉዞ በፊት ፊትና ኋላው ውስጥ ክዳናቸው የጠበቀ ባዶ ጄሪካኖች አስገብታችሁ እንዳይወጡ እሰሩ። ይህን ማዳን ሁሉም ሰው ዳር አጠገብ አንድ ጊዜ ካልሞከረው ቡድኑ መሃል አይግባ።

ነጎድጓድ ተሰማ

ከጉድጓዱ ግርጌ ሆኖ ደመና የሚታየው ከአናት ሲደርስ ነው፣ ስለዚህ በጆሮ ተማመኑ። ከብልጭታው እስከ ድምፁ ከ30 ሰከንድ ካነሰ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ መቁጠር ሳያስፈልግም ነጎድጓድ ከተሰማ ውጡ። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ነጠላ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ቀዛፊው ይንቀጠቀጣል፣ ዘለበት መፍታት አቅቶታል

ምክንያቶቹ እርጥብ ጥጥና ነፋስ ናቸው። ጂንስና የጥጥ ሹራብ ውሃ ጠጥተው ሙቀት ይወስዳሉ፤ ቶሎ የሚደርቅ ስስ ልብስ ይሻላል። እርጥቡን አውልቃችሁ በደረቅ ጋቢ ጠቅልሉት፣ በደንብ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሻይ በስኳር ስጡት። ምላሱ ከተሳሰረ ወይም መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ከቆመ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ጋቢው በሁለት ፌስታል ታስሮ ከኋለኛው ሰው ጋር ይጓዝ።