ኤሌክትሮን ሲንቀሳቀስ በጃም ጠርሙስ እንየው

ኤሌክትሮንን፣ ማለትም አተም ውስጥ ያለችውን ኔጌቲቭ ቅንጣት፣ በዓይን ማየት አይቻልም። የሚሠራውን ግን ቤት ባለ ዕቃ ማየት ይቻላል፣ ያውም በነፃ።

የፕላስቲክ ክዳን ያለው የጃም ጠርሙስ፣ የተላጠ የመዳብ ሽቦ፣ አልሙኒየም ፎይልና ፊኛ አዘጋጁ። ክዳኑን መሃል ላይ ቀዳችሁ ሽቦውን አሳልፉ፤ የታችኛውን ጫፍ እንደ መንጠቆ አጥፉት፣ በላይኛው ላይ የፎይል ኳስ ድቡልቡል አድርጋችሁ ሰኩበት። ሁለት ስስ የፎይል ቁራጮች መንጠቆው ላይ ጎን ለጎን አንጠልጥሉና ክዳኑን ግጠሙ።

ፊኛውን በደረቅ ፀጉር እሹት (ቅባት የነካው አይሆንም)። ኤሌክትሮኖች ከፀጉራችሁ ወደ ፊኛው ይሻገራሉ። ወደ ኳሱ ስታስጠጉት የሽቦውን ኤሌክትሮኖች ወደ ታች ይገፋል፤ ሁለቱም ፎይሎች ኔጌቲቭ ይሆኑና አንዱ ሌላውን አልፈልግህም ብሎ ይርቃል።

አሁን ፊኛውን ሳታርቁ ኳሱን በጣት ንኩት። ፎይሎቹ ይገጥማሉ፤ የተገፉት ኤሌክትሮኖች በእናንተ ሰውነት በኩል ወጡ ማለት ነው። መጀመሪያ ጣታችሁን አንሱ፣ ከዚያ ፊኛውን አርቁ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ልፋት ብቻ ነው። ፎይሎቹ እንደገና ይከፈታሉ፣ ፊኛው አጠገባቸው ሳይኖር! እኔ የምወደው ይህን ነው፤ አሁን ፖዘቲቭ ሆነዋል፣ ግን ምንም አልተጨመረባቸውም፣ ኤሌክትሮን ጎደላቸው እንጂ።

ሙከራው እምቢ ካላችሁ ፊኛውን አትውቀሱ። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት ክረምት ላይ፣ ጠርሙሱን አጥቤ በደንብ ሳላደርቅ ነበር፤ ፎይሉ ንቅንቅ አላለም። ቻርጁ (የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ) በእርጥበቱ በኩል ያመልጣል።

ጠርሙስ ውስጥ የቀረ ነገር ታላላቆቹንም አሳስቷል። በ1883 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄርትዝ የካቶድ ጨረርን (አየሩ በተመጠጠ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከኔጌቲቩ ብረት የሚወጣ ጨረር ነው) በሁለት ኤሌክትሪክ ባላቸው ሳህኖች መሃል ቢያሳልፈው አልታጠፈለትም፤ ስለዚህ ጨረሩ ቻርጅ የለውም ብሎ ደመደመ። ጉዱ ግን ቱቦው ውስጥ የቀረው ጋዝ ነበር፤ ጨረሩ ሲያልፍበት ጋዙ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ይሆንና የሳህኖቹን ኃይል ያከሽፈዋል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ቶምሰን በ1897 ካምብሪጅ ውስጥ ጋዙን የበለጠ መጥጦ ሲያወጣው ጨረሩ ወደ ፖዘቲቩ ሳህን ታጠፈ። በማግኔትም አጥፎ ጨረሩ የተሠራባትን ቅንጣት፣ ማለትም የኤሌክትሮንን፣ ቻርጅ ከክብደቷ ጋር አነጻጸረ፤ ጋዙን ቢቀይር፣ ብረቱን ቢቀይር መልሱ ያው። ዛሬ ኤሌክትሮን ከሃይድሮጂን አተም ከ1,800 ጊዜ በላይ እንደምትቀል እናውቃለን።

እናንተ አየር መጦ የሚያወጣ ፓምፕ አያስፈልጋችሁም። ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አውሉት፣ ወይ በፀጉር ማድረቂያ ንፉበትና እንደገና ሞክሩ።